በትንሽ በጀት የመጀመሪያ ሪሞት መኪና ለምትገዛው

«በጀቴ ትንሽ ነው፣ የመጀመሪያዬ ነው፣ ፈጣን የሆነ ሪሞት መኪና የቱን ልግዛ» ላልከው ወንድሜ፣ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ፣ ምክንያቱም እንደዚህ አይነት ጥያቄ ሲነሳ ሰው የሞዴል ስም ጠርቶልህ ይሄዳል፣ ስሙ ብቻውን ደግሞ ብዙም አይጠቅምህም።

እኔ ፍጥነቱን መጨረሻ ላይ ነው የማየው። መጀመሪያ የማየው መለዋወጫው ለብቻው ይሸጣል ወይ የሚለውን ነው። መኪናው ይሰበራል በቃ፣ በተለይ እጅህ እስኪለምድ ግድግዳ ወይ ድንጋይ መምታትህ አይቀርም፣ ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚሄደው ደግሞ የፊት ጎማውን ከሻሲው ጋር የሚያገናኘው አርም የሚባለው ፕላስቲክ ነው፣ እሱ ለብቻው ከተገኘ ጥቂት ብሎን ፈትተህ ቀይረህ እዛው ቀን ትነዳለህ፣ ካልተገኘ ግን መኪናው ሙሉ ጤነኛ ሆኖ በአንዲት ፕላስቲክ ምክንያት ይቆማል። ስለዚህ ዓይንህ ያረፈበትን ሞዴል ቁጥር ያዝና ከመክፈልህ በፊት አርሙን፣ የሞተሩን ትንሿን ጥርስ፣ እሷ የምታዞረውን ትልቁን ጥርስ፣ ዲፈረንሻሉን፣ መሪውን የሚያዞረውን ሰርቮ አንድ በአንድ ፈልግ። ካጣሃቸው ምንም ያህል ቢያምር ተወው።

የልጆች መጫወቻ ተብለው የሚሸጡትን የምቃወመውም ለዚህ ነው። መሪያቸው ብዙ ጊዜ ወይ ሙሉ ግራ ወይ ሙሉ ቀኝ ነው፣ መሀል የለውም፣ የፍጥነት መስጫውም እንደዛው፣ በእሱ ደግሞ መንዳት አትለምድም። ትክክለኛው አርሲ (ሪሞት መኪና) ጣትህን በሳብክ ልክ ነው የሚሄደው። ያ ስሜት አንዴ ከገባህ መጫወቻውን ዞር ብለህ አታየውም።

ሞዴል ካልክ፣ በጀት ሲጠብ እኔ የምጠራው ደብሊውኤል ቶይስ 144001 ነው። መጠኑ 1/14 (የእውነተኛ መኪና አንድ አስራ አራተኛ)፣ አራቱም ጎማ የሚነዳ፣ ሻሲው ብረት፣ ባትሪው 7.4 ቮልት፣ ሞተሩ ብራሽድ (ውስጡ የሚነካካ ካርቦን ያለው ርካሹ ዓይነት)። መለዋወጫው በደንብ ይገኛል፣ የነዳው ሰው ብዙ ስለሆነ ችግር ሲገጥምህ መልስ አታጣም። ትራክሳስ ስላሽ ጠንካራ ነው፣ 1/10 ስለሆነ ድንጋይና ሳር አይበግረውም፣ ግን አዲሱ ውድ ነው፣ ያገለገለ ካገኘህ ግን አትለፈው። ያገለገለ ስታይ ጎማዎቹን ይዘህ ነቅነቅ አርጋቸው፣ በእጅህ አሽከርክረህ የጥርሱን ድምፅ ስማ፣ ባትሪው ያበጠ ከሆነ ደግሞ ባትሪውን ከሂሳብ ውስጥ አውጣው። ታሚያ ቲቲ 02 ራስህ የምትገጣጥመው ነው፣ አሰራሩን ለመማር በጣም ደስ ይላል፣ ግን ለአስፋልት ነው የሚሆነው፣ ሪሞትና ባትሪም ለብቻ ትገዛለህ፣ እሱን አስብበት።

ብራሽለስ (ካርቦን የሌለው ሞተር) ካልሆነ አልገዛም የሚሉህን ለጊዜው አትስማቸው። ብራሽለስ ይፈጥናል እድሜውም ይረዝማል እውነት ነው፣ ግን ለጀማሪ ብራሽድ ይበቃል፣ ሞተሩ ቢቃጠል እንኳን በርካሽ ትቀይረዋለህ። ካርቶኑ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ምናምን የሚለውንም ብዙ አትመነው፣ ደግሞ ጠበብ ያለ ቦታ ላይ የዚያ ግማሹን እንኳን ለመቆጣጠር ጊዜ ይፈልጋል።

አሁን ሰው የሚረሳው ነገር፣ ባትሪና ቻርጀር። እኔ ብሆን ከያዝኩት ገንዘብ ሲሶውን ለዚህና ለመለዋወጫ አስቀምጬ በቀረው ነው መኪና የምፈልገው። አብሮት የሚመጣው ባትሪ ቶሎ ያልቃል፣ ሌላ አንድ ትፈልጋለህ ማለት ነው። ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር የሚባለው ባትሪ) ከሆነ እባክህ በጥንቃቄ ያዘው፣ አንዱ ሴል (ባትሪው ውስጥ ካሉት ትንንሽ ባትሪዎች አንዱ) ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፣ ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይበላሻል፣ ስለዚህ መኪናው መድከም ሲጀምር አቁም፣ ትንሽ ልጨርሰው አትበል። ለብዙ ቀን የማትነዳው ከሆነ በሴል 3.8 አካባቢ አርገህ አስቀምጠው። ሴሎቹን እኩል የሚሞላ ባላንስ ቻርጀር ግዛ፣ 2200 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪን በ2.2 አምፒር ሙላ፣ ቻርጅ ላይ ሰክተህ ጥለኸው አትውጣ፣ አትተኛ። ያበጠውን መልሰህ ቻርጅ አታድርግ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም እሳት ያስነሳል። ይሄ ሁሉ ካስጨነቀህ ኒኬል ባትሪ ያለው መኪና ግዛ፣ ከበድ ይላል ጉልበቱም ያንሳል ግን ስህተትን ይችላል። የኒኬል መኪና ላይ በኋላ ሊፖ ልትገጥም ካሰብክ ግን ስፒድ ኮንትሮለሩ (ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው) ቮልቱ ሲወርድ ራሱ የሚያቆም መሆኑን መጀመሪያ አረጋግጥ።

በነዳጅ የሚሰራውን ለመጀመሪያ አልመክርህም፣ ማስነሳቱና ካርቡሬተር ማስተካከሉ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ ነዳጁም ወጪ አለው።

የምትነዳው አፈር ላይ ነው ወይስ አስፋልት ላይ? እሱን አልነገርከንም። አፈርና ጠጠር ከሆነ 144001 ከመሬት ብዙም ከፍ ስለማይል ሆዱን ድንጋይ ይመታዋል፣ ያኔ ያገለገለ ስላሽ መፈለጉ ይሻልሃል። ቦታውንና የያዝከውን መጠን ጻፍልኝ፣ ያገኘኸውን ሞዴል መለዋወጫ አብረን እንፈልጋለን።