መልስ፦ የድሮ ኳስ ይሻል ነበር ወይስ ትዝታ ነው?

ወንድሜ፣ «የድሮ ኳስ እውነት ይሻል ነበር ወይስ የናፈቀን ልጅነታችን ነው?» ብለሃል። ሁለቱም ነው እልሃለሁ። ግን አንድ የጠፋ ነገር አለ።

እ.ኤ.አ. በ1967 የስኮትላንዱ ሴልቲክ ሊዝበን ላይ ኢንተር ሚላንን 2 ለ 1 ረትቶ የአውሮፓን ዋንጫ ሲያነሳ፣ ተሰላፊዎቹ በሙሉ ግላስጎው ካለው የክለቡ ሜዳ 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት የተወለዱ የሰፈር ልጆች ነበሩ። ዛሬ እንዲህ ያለ ቡድን ቢገኝ ገና ጥር ሳይወጣ ተቸብችቦ ያልቃል። ከምሥራቅ አውሮፓም የሩማንያው ስቴዋ ቡካሬስት በ1986፣ የዩጎዝላቪያው ሬድ ስታር ቤልግሬድ በ1991 ያንኑ ዋንጫ በልተዋል። ከዚያ በ1992 ስሙ ቻምፒዮንስ ሊግ ሆነ፣ በ1995 ውሉ ያለቀ ተጫዋች ያለ ክፍያ ክለብ እንዲቀይር፣ በአውሮፓ ኅብረት ተጫዋቾች ላይ የነበረው የቁጥር ገደብም እንዲነሳ ያደረገው የቦስማን ፍርድ መጣ፣ በ1997 ደግሞ በትልልቆቹ ሊጎች ሁለተኛ የወጡትም ይግቡ ተባለ። በቃ፣ የምሥራቆቹ ነገር አከተመ።

ማልያውም ከ1 እስከ 11 ነበር፣ ስም የለበትም። 9 ቁጥር ካየህ አጥቂ ነው፤ 47 ቁጥር ተከላካይ ምን ማለት ነው? (ይሄ እንኳ የኔ ጭቅጭቅ ነው።)

ግን ሁሉንም አላሞግስም። በ1989 እንግሊዝ ውስጥ ሂልስቦሮ በሚባለው ሜዳ ላይ በደረሰው መጨናነቅ 97 ደጋፊዎች ያለቁት በዚያው «ደጉ ዘመን» ነው። የእንግሊዝ ትልልቅ ሜዳዎች ወንበር በወንበር የሆኑት ከዚያ ወዲህ ነው። ደግሞ የቴሌቪዥኑ ብር ባይኖር እኔና አንተ ቅዳሜ ከሰዓት ዲኤስቲቪ ቤት፣ አግዳሚ ላይ ተጣብቀን፣ ከፊታችን ለተቀመጠው ረጅም ሰውዬ «ጎንበስ በል!» እያልን የት እናየው ነበር?