«የባጃጁ ጥሩንባ ስሜን ይጠራኛል»

ጥያቄ፦ 22 ዓመቴ ነው። ባሕር ዳር ሽምብጥ ነው የምንኖረው። ከክረምት ጀምሮ ሰው ሁሉ ስለኔ የሚያወራ ይመስለኝ ጀመር። የባጃጅ ጥሩንባ እንኳ ስሜን ይጠራኛል። እንቅልፍ የለኝም። ሐኪም «የሳይኮሲስ (የሌለ ድምፅ የሚያሰማ፣ ሰውን የሚያስጠረጥር የአእምሮ ሕመም) ጅማሬ ነው» ብሎ ክኒን ከሰጠኝ ሦስት ሳምንት ሆነ። ድምፁ ቀንሷል፤ እጄ ግን ይንቀጠቀጣል። እናቴ «ክኒኑን ተውና ጠበል ግባ» ትለኛለች። ቀኑን እንዴት ልግፋው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ «ድምፁ ቀንሷል» ያልካት ነገር ደስ አሰኝታኛለች። ክኒኑ በደንብ እስኪሠራ ሳምንታት ይፈጃል፤ አንተ ጀምሮልሃል።

የእጅህ መንቀጥቀጥ ከክኒኑ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው በዚህ የተነሳ ያቋርጠዋል፣ ሕመሙም ይመለስበታል። ቀጠሮህን ሳትጠብቅ ሄደህ ንገራቸው። መጠኑን ይቀንሳሉ፣ ወይ ይቀይሩልሃል፣ ወይ ለመንቀጥቀጡ የሚሆን ይጨምሩልሃል።

እኔም ታናሽ ወንድሜን በዚህ ሕመም አስታምሜአለሁ። ጥሩንባው ሲጠራህ ብቻህን አትታገለው። ወንድሜ ወደኔ ዞር ብሎ «ሰማሽ?» ይለኝ ነበር። «እኔ አልሰማሁም፤ አንተ ግን እንደሰማህ አምንሃለሁ» እለዋለሁ። ትከሻው ሲወርድ ይታየኝ ነበር። አንተም እንዲህ የምትጠይቀው አንድ ሰው ይኑርህ። ሰው ከሌለ መዝሙር አንጎራጉር፤ ድምፁን ያደበዝዘዋል።

ገበያ ሲሞቅ መውጣት አይጠበቅብህም። እኛ በማለዳ፣ ባጃጁ ሳይበዛ፣ ጣና ዳር ከዘንባባው ሥር ወክ እናደርግ ነበር። መጀመሪያ ዐሥር ደቂቃ ብቻ። አንዳንድ ቀን ያቺ ዐሥር ደቂቃም ለወንድሜ ትከብደው ነበር፤ ያን ቀን በረንዳ ላይ ቁጭ እንላለን።

ማታ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ተኛ። ቡና ከቀትር በኋላ ይቅርብህ። ጫት ከቃምህ ግን እባክህ ተወው፤ እንቅልፍህን ይነጥቅሃል፣ ጥርጣሬህንም ያባብሰዋል።

ድምፁ «ራስህን ጉዳ» ወይም «እገሌን ጉዳ» ካለህ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ቤተሰብ ቀስቅስ። ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል፣ ወደሚቀርባችሁ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

እናትህን አትጣላት። ፈርታ ነው። ወንድሜ ጠዋት ጠበሉን ይጠጣ፣ ማታ ክኒኑን ይውጥ ነበር። የንስሐ አባታችን «ሁለቱንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው» ብለው ነው እናታችንን ያረጋጓት። የጾም ሰዓት ካስቸገረህ፣ ክኒኑ ወደ ማታ ይዞርልህ እንደሆን ሐኪሙን ጠይቀው። ስትሄድ እናትህንም ይዘሃት ግባ፤ ጥያቄዋን ራሷ ትጠይቀው።