ሰኔ ሲመጣ፦ ለመዋዕለ ሕፃናት መምህራን ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዲት ወጣት መምህርት ደወለችልኝ። "እትዬ፣ የዩኬጂ ምረቃ ደርሷል። ለጋዋንና ለፎቶ ያልከፈሉ ወላጆች አሉ። ልጆቹን ምን ብናደርጋቸው ይሻላል?" አለችኝ። የመሰለኝን ነገርኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለሁላችሁም ብጽፈው ይሻላል ብዬ ተነሣሁ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የግል ትምህርት ቤት መዋዕለ ሕፃናት ክፍል አስተምር ነበር። ያኔ የሕፃናት ምረቃ በየሰፈሩ ገና እየተለመደ ነው። ከዚያ በፊት የምናውቀው የወላጆች ቀንን ነበር። ልጆች ይዘምራሉ፣ ካርድ ይሰጣል፣ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ደብተርና እርሳስ ይሸለማሉ፣ በቃ። እዚያ ግቢ ግን ጋዋን መጣ። ሰማያዊ የሚያብለጨልጭ ጨርቅ ነው፣ አንገቱ ላይ ወርቃማ ጥብጣብ አለው። ቆቡ ከካርቶን ተሠርቶ በጥቁር ጨርቅ ተለብጧል። አገጭ ሥር የሚያዝ ላስቲክ ስላለው ልጆቹ ቀኑን ሙሉ አገጫቸውን ሲያኩ ይውላሉ።

ክፍሌ ውስጥ አንድ ልጅ ነበር። እናቱ ጉሊት ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። ልጁ በየመንገዱ ያገኘውን ጽሑፍ ሁሉ እያነበበ ነው የሚመጣው። ጠዋት ገና ከበር ሲገባ "ሚስ፣ ዛሬ ያነበብኩትን ልንገርሽ?" ይለኛል። "የሚከራይ ቤት"፣ "የተፈጨ በርበሬ አለ"፣ "መሽናት ክልክል ነው"። ለምረቃው ግጥም የሚያቀርብ ልጅ ምረጡ ስንባል ሳላመነታ እሱን መረጥኩ። ስለ እናት የሚናገር አጭር ግጥም ነበር። ወዲያው ያዘው።

እናቱ የምረቃውን ክፍያ ግማሹን አመጣች። የቀረውን ሐምሌ ላይ እጨርሳለሁ አለች። ቢሮው አልተቀበላትም። ገብቼ ተከራከርኩ። ከደመወዜ ይቆረጥ አልኩ። "ለአንዱ ከተፈቀደ ነገ ሁሉም ይለምዳል" ተባልኩ። ገንዘቡ ቸግሯቸው አልነበረም ማለት ነው። ወላጅ እንዲፈራ ነበር የተፈለገው።

የምረቃው ዕለት እናቱ ይዛው መጣች። ዩኒፎርሙ ታጥቦ ተተኩሷል። ፀጉሩ ቅባት ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ልጁ ከሌሎቹ ጋር ወደ አዳራሹ ሲገባ የሚመልሰው አልነበረም። ሰልፉ ውስጥ ግን አይገባም ተባለ። ከመድረኩ ጎን እኔ አጠገብ አቆምኩት። ግጥሙ ለአንዲት የክፍሉ ልጅ ተሰጥቷል። ወጣችና ጀመረች። ትንሽ እንደሄደች ጠፋባት። አዳራሹ ጸጥ አለ። ያኔ እሱ ካጠገቤ ሆኖ ጮክ ብሎ ቀጣዩን መስመር ነገራት። ተቀብላ ቀጠለች። እንደገና ጠፋባት፣ እንደገና ነገራት። እንዲህ እየተቀባበሉ እስከ መጨረሻው ተወጡት። አዳራሹ አጨበጨበላት። እሱም ያጨበጭባል። ከልቡ ነው፤ ጓደኛው ናት።

ከዚያ ስም መጠራት ጀመረ። አንድ በአንድ ወጥተው ወረቀታቸውን ተቀበሉ። ሁሉም ሲያልቅ ቀና ብሎ አየኝና "ሚስ፣ እኔ ወድቄ ነው?" አለኝ።

አልወደቅክም አልኩት። ደጋግሜ ነገርኩት። ማመኑን እንጃ። መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል እኛ ጋ አልገባም። እናቱም ከዚያ ጉሊት ለቃለች። ይኸው ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው። ሰኔ በመጣ ቁጥር ያን ግጥም እሱ መድረክ ላይ ወጥቶ ሳይለው መቅረቱ ይቆጨኛል።

እንዲህ ስል ሕፃን አይመረቅ የምል እንዳይመስላችሁ። ድግስማ ድሮም ነበር። እኔ የተወለድኩት ሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ያለ ገጠር ነው። ፊደል የቆጠርኩት የኔታ ዘንድ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነው። በስንጥር ፊደሏን እየነካን ሀ ሁ ሂ እንላለን። ትንሽ ሲቆይ ልጅ ዓይኑን ሌላ ቦታ ጥሎ በቃሉ ብቻ ይወርደዋል። የኔታ ይህን አይስቱትም። አቡጊዳ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። የፊደሉ ቅደም ተከተል ሲዘበራረቅ በቃሉ የሸመደደውና ፊደሉን በዓይኑ የለየው ልጅ ይታወቃሉ። ከዚያ ፊደለ ሐዋርያ ይቀጥላል፣ ከዚያ ወንጌል፣ ከዚያ ዳዊት። ማንም ከማንም እኩል አይጨርስም። ጊዜው የልጁ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ዳዊት ሲደግም አባቴ በግ አረደ፣ ጠላ ተጠመቀ። ወንድሜ በሰው ፊት ቆሞ አነበበ። ለየኔታ ጋቢ ተሰጣቸው። የተጠራውም ያልተጠራውም ጎረቤት በልቶ ጠጥቶ መርቆት ሄደ። ለእኔ አልተደገሰም። በኛ አካባቢ ሴት ልጅ ፊደል ለየች ማለት በቂ ነበር። ደሴ ያደገች ባልደረባዬም ለውህ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ እየጻፉ፣ ያጠኑትን አጥበው እንደገና እየጻፉ፣ አንድ ልጅ ቁርአን ሲያኸትም፣ ማለትም ቀርቶ ሲጨርስ፣ ቤተሰቡ እንዴት እንደሚደሰት ታጫውተኝ ነበር። ድግሱ ልጁ በሚያውቀው ነገር ላይ ነው። የናንተን ምረቃ ሳይ የሚጎድለኝ ይኼ ነው። ልጁ ምን እንደቻለ ማንም አይጠይቅም።

ሥራ የጀመርኩት በደርግ ጊዜ፣ በቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ እናቶች ማታ ማታ ፊደል ይቆጥሩ ነበር። ልጆቻቸው ቀን እኛ ጋ ናቸው። ጭቃ እናድቦለቡላለን፣ ቆርኪ እንቆጥራለን፣ የፋፋ ገንፎ እናበላለን። እርሳስ የሚያዘው ዘግይቶ ነው፤ ጭቃ ያልጨበጠ ጣት እርሳስ አጥብቆ አይይዝም። ዛሬ የሦስት ዓመት ልጅ ናርሰሪ ገብቶ የቤት ሥራ ይዞ ይመለሳል። ወላጁም "ልጄ አማርኛ አይሆንለትም፣ እንግሊዝኛ ብቻ ነው" ብሎ በኩራት ያወራል። በዚህ በጣም አዝናለሁ። እናንተም ታባብሱታላችሁ። ልጁ ወድቆ ሲያለቅስ መጀመሪያ ስልክ የምታነሱ አይቻለሁ። ቪዲዮው ይቆይ፤ ልጁን አንሱት።

ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ በአንዳንድ ነገር ከኛ ትሻላላችሁ። እኛ ያለቁንጥጫ ማስተማር ይቻላል ብለን አስበን አናውቅም ነበር። ከ2002 ዓ.ም. የቅድመ መደበኛ ፖሊሲ ወዲህ ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ኦ ክፍል የሚባለውን የዝግጅት ክፍል ከፍተው፣ ለግል መክፈል የማይችለው ሰው ልጅም አንደኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት የመማር ዕድል ያገኛል። ለዚያ የጉሊት ልጅ በጊዜው ይህ አልነበረለትም።

ጋዋኑ ጭራሽ ቢቀር ደስ ይለኛል። ይህን እየጻፍኩ ግን የልጅ ልጄ ጋዋን ለብሳ የተነሣችው ፎቶ ሳሎን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። የተመረቀች ዕለት አልቅሻለሁ። ላውርደው ብትሉኝ አላወርደውም። ስለዚህ ካልቀረ ትምህርት ቤቱ አንዴ ያሰፋውና በየዓመቱ እያጠበ ለሁሉም ያልብስ። ክፍያ ካለም ከምረቃው ጋር አይያያዝ። ይህን የምትናገሩት ግንቦት ላይ ነው። ልብስ ሰፊው ልክ ከወሰደ በኋላ የሚሰማችሁ የለም፤ እኔ አይቼዋለሁ።

ልጅ አትምቱ፣ በሰዓት ግቡ የሚለውን አልጽፍላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ማንም የማይነግራችሁ ከምረቃው በኋላ ያለውን ነው። ካርድ ላይ የማይጻፍ ብዙ ነገር ታውቃላችሁ። ማን በግራ እጁ እንደሚጽፍ፣ ማን ሽንት ቤት ብቻውን መሄድ እንደሚፈራ፣ ማን ስሙ ሲጠራ ዝም የሚለው አንድ ጆሮው ስለማይሰማ እንደሆነ። ይህንን ለእያንዳንዱ ልጅ በአንድ ገጽ ጻፉትና መስከረም ከመግባቱ በፊት ለአንደኛ ክፍል መምህሩ በእጅ ስጡ። ልጁ ሌላ ትምህርት ቤት የሚሄድ ከሆነ ለእናቱ ስጧት። ማንበብ የማትችል ከሆነች ቁጭ ብላችሁ አንብቡላት፣ ወረቀቱንም ይዛ ትሂድ።