ማስቶዶን ላይ «ደሴ» ብለህ ስትፈልግ ለምን ባዶ እንደሚሆን

ስልክህ ተበላሽቶ አይደለም። ፌስቡክ ሁሉን በአንድ ጎተራ ያኖራል፤ ማስቶዶንም ማኅበራዊ መድረክ ነው፣ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ የተለያዩ ሰርቨሮች (እያንዳንዱን የየራሱ ሰው የሚያስተዳድረው ኮምፒውተር) ስብስብ ነው፣ ፍለጋውም የሚያየው ያንተ ሰርቨር የሚያውቀውን ብቻ ነው። ጓደኛህን ለማግኘት ሙሉ አድራሻውን፣ ማለትም ስሙን ከነሰርቨሩ፣ በፍለጋው ሳጥን ውስጥ አስገባ፤ ይመጣልሃል።

የጋቢ ሱቅህን የፌስቡክ ገጽ ዘግተህ ወደ ማስቶዶን ትዛወር እንደሆነ ለጠየቅኸው፦ አትዝጋው። ፌስቡክን በወር ከ3 ቢሊዮን በላይ ሰው ይጠቀማል። ማስቶዶን ኢሎን መስክ ትዊተርን በገዛበት በ2022 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወደ 2.5 ሚሊዮን ገደማ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቀንሷል። ለልጇ ሠርግ ጋቢ የምትፈልግ የፒያሳ እናት ዋጋ የምትጠይቅህ በቴሌግራም ነው።

ማስቶዶንንም ግን አትተው። ማስታወቂያ የለበትም፣ የምትከተላቸው ሰዎች የጻፉት በጊዜው ቅደም ተከተል ይደርስሃል፣ አንድ ባለሀብት ገዝቶ መልኩን አይቀይረውም። እኔ በዚህ ምክንያት ከልቤ እወደዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ። እኔ የነበርሁበትን ሰርቨር የሚያስተዳድረው አንድ በጎ ፈቃደኛ ነበር። ሊዘጋው መሆኑን የጻፈውን ሳላየው ቀረሁ፤ የሁለት ዓመት ፎቶዎቼ፣ የደሴው ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር በኩል ያነሣሁት ጭምር፣ አብረው ጠፉ። ተከታዮችን ወደ ሌላ ሰርቨር ማዛወር ይቻላል፤ ጽሑፍና ፎቶ ግን አብሮ አይሄድም። ዛሬውኑ ወደ ቅንብሩ ግባና የመለያህን ቅጂ አውርድ፤ በየወሩም ድገመው።