ጠበቃው የከሳሼ ዘመድ ነው፣ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ከኩታበር ወዲያ ካለ ገጠር ነው ምጽፍላችሁ። ጎረቤታችን ድንበር ገፍታለች ብሎ ወረዳ ፍርድ ቤት ከሶኝ መጥሪያ ደርሶኛል፣ መልስሽን በጽሁፍ ይዘሽ ቅረቢ ይላል። እኛ ጋ ያለው አንዱ ጠበቃ የሰውየው ሚስት አጎት ነው፣ ሌላው ደሞ ከነሱ ጋር አንድ ቅሬ (እድር) ነው። ደሴ ወጥቼ እንዳልይዝ ማንንም አላውቅም፣ ብሩም ያስፈራኛል። አንድ ጉዳይ አስጨራሽ ለኔ ስጪኝ እያለ ይነዘንዘኛል።

መልስ፦ አብሽሪ እህታችን። መጀመሪያ ቀጠሮዋን ያዢ። ጠበቃ ባታገኚም በቀኑ ራስሽ ቅረቢና ጊዜ ጠይቂ፣ ዳኛው ሊፈቅድም ላይፈቅድም ይችላል፣ ከቀረሽ ግን በሌለሽበት ያዩታል፣ ያን ለማስነሳት ደግሞ ባወቅሽ በ1 ወር ውስጥ በቂ ምክንያት ይዘሽ ማመልከት ሊኖርብሽ ነው።

ጉዳይ አስጨራሹን ተይው። ችሎት ቆሞ ሊከራከርልሽ አይችልም፣ ራፖር ጸሐፊም ቢሆን መጻፍ እንጂ መከራከር የሱ ስራ አይደለም። ባል ወይ ወንድም ወይ የደረሰ ልጅ ካለሽ ግን በውክልና ያለ ክፍያ ሊከራከርልሽ ይችላል፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም።

ደሴ ስትወጪ ጠበቃው ቢሮ ገብተሽ ወሬሽን ሁሉ አትዘርግፊ። መጀመሪያ የከሳሽሽን ስም ከነአባቱ ንገሪውና ታውቀዋለህ ወይ፣ አማክሮህ ያውቃል ወይ በይው። ሰውየው ቀድሞ እሱ ጋ ሄዶ ሊሆን ይችላላ፣ ደሴ ትልቅ ከተማ ትመስላለች እንጂ ሰኞ ገበያ የማይገናኝ ሰው የለም። አላውቀውም ካለሽ የክልሉ ፍትህ ቢሮ የሰጠውን የታደሰ ፈቃድ አሳየኝ በይው፣ ደህና ጠበቃ በዚህ አይቀየምም።

ስለ ብሩ ስትነጋገሩ ሂሳቡ እስከ ፍርድ ነው ወይስ ይግባኝንም ይጨምራል፣ ቀጠሮ በተራዘመ ቁጥር ትራንስፖርቱን ማን ይችላል፣ ይሄን ሁሉ ውል ላይ አስጽፊ፣ ለከፈልሽው ደረሰኝ ተቀበይ። እዛው ወረዳ ሌላ መዝገብ ያለው ጠበቃ ቢሆንልሽ ጥሩ ነው፣ አንድ ቀን ሁለት ስራ ስለሚሰራ ወጪው ይቀንስልሻል። ውክልናውን ደሞ ሳታነቢ (ማንበብ ካስቸገረሽ ሚያነብልሽ ሰው ይዘሽ ሂጂ) እንዳትፈርሚ፣ አንዳንዱ ላይ መሸጥ መታረቅ ገንዘብ መቀበል ሁሉ ይደረድሩበታል፣ አንቺ ምትፈልጊው መከራከር ብቻ ከሆነ ሌላውን አሰርዢ።

አቅሙ ከሌለሽ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ህግ ትምህርት ቤት ስለ ነጻ የህግ ድጋፍ ጠይቂ፣ የወረዳሽ ፍትህ ጽህፈት ቤትም ሂጂ። የመንግስት ተከላካይ ጠበቃ በዋናነት በወንጀል ለተከሰሰ ስለሆነ ለድንበር ክርክር እሱን አትጠብቂ። ምናልባት ተፈርዶብሽ ይግባኝ ካልሽ ጊዜው 60 ቀን ነው፣ ለፍርድ ቤቱ የዳኝነት ክፍያ መክፈል ካቃተሽ በደሃ ደንብ (ሳልከፍል) ልስተናገድ ብለሽ ማመልከት ትችያለሽ።

ስትሄጂ መጥሪያውን፣ የክሱን ኮፒና የመሬት ደብተርሽን ያዢ። ደብተሩ ላይ አዋሳኞችሽ በምስራቅ እከሌ በምዕራብ እከሌ ተብለው ተጽፈዋል፣ የድንበር ክርክር ላይ ጠበቃው መጀመሪያ ሚያየው እሱን ነው፣ ከአዋሳኞቹ ውስጥ ቀርቦ ሚመሰክርልሽ ካለም ከአሁኑ አነጋግሪው።