ድሬ ሆኖ በኤዲቲንግ መኖር

ወንድሜ፣ «ድሬዳዋ ሆኜ፣ ሳልቀጠር፣ በቪዲዮ ኤዲቲንግ ብቻ መኖር እችላለሁ ወይ?» ላልከው፦ ትችላለህ። ሰርግ ብቻ ይዘህ ግን ይከብዳል። ጥር ላይ መተኛት ያምርሃል፤ ሁዳዴና ረመዳን ሲገባ እጅህን አጣጥፈህ ትቀመጣለህ።

እኔን የያዘኝ አጫጭር ቪዲዮ ነው። ከዚራ ሰፈር ያለው ካፌ፣ ታይዋን ገበያ ያለው ልብስ ሻጭ፣ ሁሉም ቲክቶክ ላይ መታየት ይፈልጋል። በወር የሚከፍሉ አራት አምስት ቋሚ ደንበኞች ካገኘህ የቤት ኪራይ አያሳስብህም። ለዩቲዩበሮች መሥራትም አለ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ሰብታይትል መጻፍ ከቻልክማ የድሬ ልጅነትህ ራሱ እንጀራ ነው።

ለሶፍትዌር አትጨነቅ፣ ነጻው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ይበቃሃል። 4ኬ ፋይል፣ ማለትም ጥራቱ ከፍ ያለው ከባድ ቪዲዮ፣ ላፕቶፕህን ካንቀራፈፈው በፕሮክሲ፣ ማለትም በቀለለ ግልባጭ ቁረጥ፤ ሬንደር ስታደርግ፣ ማለትም ያለቀውን ቪዲዮ ስታወጣ፣ ዋናውን ይጠቀማል። (ከባድ ሬንደር ለሌሊት አቆይ። የቀኑ ሙቀት ላፕቶፕ ይጨርሳል።)

ቀብድ ግን እንዳትረሳ! አንዱ የሰርግ ደንበኛ «ይቺን ሙዚቃ ብቻ ቀይርልኝ» እያለ አስራ አንድ ጊዜ አመላልሶኝ ስልኩን ዘጋ። አሁን ግማሹን ሳልቀበል ፋይል አልከፍትም፤ ማስተካከያም ሁለቴ ብቻ ነው።