ለመሄድም ለመቆየትም ምክንያታችሁ እምነት ይሁን

ልጆቼ፣

ለሠርግ ስትሉ ሃይማኖት አትቀይሩ። ለሥራ ስትሉም አትቀይሩ። ሰፈር ውስጥ በሚወጣላችሁ ስም ተማርራችሁም አትቀይሩ። እናቴ ታለቅሳለች ብላችሁ ብቻም አትቆዩ። ብትሄዱም ብትቆዩም ምክንያታችሁ እምነት ይሁን።

እኔ መነኩሲት አይደለሁም። ነርስ ነበርኩ፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ደሴ ተወልጄ ደሴ ያደግኩ ካቶሊክ ነኝ። አብዛኛው ዕድሜዬ ያለፈው በማዋለጃ ክፍልና በአስተኝቶ ማከሚያ ውስጥ ነው። ሰው ሲወለድም ሲሞትም አጠገቡ ቆሜያለሁ። ሰሞኑን ከደሴም ከኮምቦልቻም አንዳንዶቻችሁ እየመጣችሁ "እትዬ፣ ልተወው ወይስ ልቆይ?" ትሉኛላችሁ። ለየብቻ ከምነግራችሁ አንድ ላይ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።

ጥቂቶች ነን። በአገሪቱ ከመቶ ሰው አንድ እንኳ አንሞላም። ወሎ ደግሞ እስላምና ክርስቲያን በአንድ ቤት የሚያድርበት አገር ነው። የእናቴ ታላቅ እህት ሙስሊም ነበረች። ዒድን እሷ ቤት፣ ፋሲካን እኛ ቤት እንውል ነበር። በዓል ሲመጣ ሁለት በግ ይታረዳል፤ አንዱን የአክስቴ ባል ቢስሚላህ ብሎ፣ አንዱን አባቴ በስመ አብ ብሎ። ድስቱም ለየብቻ ይጣዳል። በዚህ ማንም ማንንም ተቀይሞ አያውቅም። ካቶሊክ ስትሆኑ ግን "ክርስቲያን ነሽ እስላም?" ለሚለው መልስ ሰጥታችሁም አይበቃም። "እሱ የጣሊያን ሃይማኖት አይደል?" ይከተላል።

በዚህ ጥያቄ አትናደዱ። ሰው የሚለው ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። ደሴ በ1928 ዓ.ም. በጣሊያን አውሮፕላን የተደበደበች ከተማ ናት። በማግስቱ ዓመት፣ አገራችን በጣሊያን እጅ እያለች፣ ሮም ደሴን ማዕከል ያደረገ የካቶሊክ አስተዳደር አቋቋመች። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ፈረሰ። ይህ ታሪካችን ነው፤ አይደበቅም። ግን ሌላውንም እወቁ። አባ ገብረ ሚካኤል የጎጃም ሰው ናቸው። የኦርቶዶክስ መነኩሴና ሊቅ ነበሩ። መጻሕፍት ሲመረምሩ ኖረው፣ ካቶሊክ ሆነው፣ በ1847 ዓ.ም. በሰንሰለት እንደታሰሩ ሞቱ። ያኔ ጣሊያን የሚባል መንግሥት ራሱ ገና አልተመሠረተም። እኒህን ሰው "የጣሊያን" ብሎ ማለፍ ይከብዳል። ዛሬም ባሕር ዳርና ደሴ በአንድ ሀገረ ስብከት ሥር ናቸው። የተቋቋመው በ2007 ዓ.ም. ሲሆን የመጀመሪያው ጳጳስ አቡነ ልሳነ ክርስቶስ ኢትዮጵያዊ ናቸው።

ደግሞ እኛም ያስገደድንበት ዘመን ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. ካቶሊክ መሆናቸውን በይፋ ተናገሩ፤ ቀጥሎ ሕዝቡ እንዲከተል ታዘዘ። ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1624 ዓ.ም. ዐዋጁን ራሳቸው አንሥተው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ካቶሊክ የሆነ ልጅ ሁሉ ይህን ሊያውቅ ይገባል። ቦሩ ሜዳም እዚሁ አፍንጫችን ሥር ናት። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ እዚያ ጉባኤ ጠርተው፣ ከዚያ ወዲህ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ተደረገ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ አይጠየፍ አዳራሽን ያሠሩት ንጉሥ ሚካኤል እሳቸው ናቸው። ተራው ሰው ግን ስንቱ ቀን ክርስቲያን ማታ ሙስሊም ሆኖ ኖረ። በሹመት ወይም በፍርሃት የተቀየረ ሃይማኖት እንዲህ ነው የሚሆነው። ዛሬ የሚያስገድድ ንጉሥ የለም። እናንተ ራሳችሁን አታስገድዱ።

ወደ ጋብቻ ልምጣ። ከምትጠይቁኝ ውስጥ የሚበዛው እሱ ነው።

ብዙዎቻችሁ ሕጉን ሳትጠይቁ ነው የምትወጡት። ቤተክርስቲያናችን ካቶሊክ ያልሆነ ክርስቲያን ማግባት ጭራሽ አይቻልም አትልም። ፈቃድ ይጠየቃል። ካቶሊኩ ወገን እምነቱን እንደሚጠብቅ፣ ልጆቹንም በእምነቱ ለማሳደግ አቅሙ የፈቀደውን እንደሚያደርግ ቃል ይገባል። ሌላው ወገን ይህ ቃል መገባቱ ይነገረዋል እንጂ እሱ ቃል ግባ አይባልም። የምታገቡት ያልተጠመቀ ሰው ከሆነ፣ ለምሳሌ ሙስሊም፣ ለብቻው የሚሰጥ ሌላ ፈቃድ አለ። ችግሩ በሌላው በኩል ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተክርስቲያን ልጇን ከሌላ እምነት ሰው ጋር በተክሊል አታጋባም። ስለዚህ "በእኛ በኩል ይቻላል" ብላችሁ ሌላውን ሰው ከቁርባኑ እንዳታርቁት አስቡ። ከባድ ነው። ለሁለት ቁጭ ብላችሁ፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት መነጋገር አለባችሁ። ድንኳን ከተጣለ በኋላ ስለ እምነት የሚያወራ የለም።

ሁለት የሥራ ባልደረቦቼን ልንገራችሁ። አንዷ ኦርቶዶክስ አገባች። ከሠርጉ በፊት ግን ከመምሬው ዘንድ እየተመላለሰች ረጅም ጊዜ ተማረች። ትጠይቃለች፣ ትከራከራለች፣ እኔ ዘንድ መጥታም ታስረዳኛለች። በመጨረሻ አምናበት ተጠመቀች። እስከ ዛሬ ጾሟን ሳታጓድል፣ ልጆቿን አቁርባ አሳደገች። ስታያት ደስ ትላለች። እኔ አዝኜባት አላውቅም። ሌላው ሠርጉ ሊደርስ ሲል ተጠመቀ። ለምን እንደሆነ አማቾቹም እሱም ያውቁታል። ከዚያ በኋላ ቤተክርስቲያን የሚባል ነገር ደጁን አልረገጠም፣ የእነሱንም የእኛንም። ሚስቱ "ለእኔ ብለህ ነው እንጂ ለእግዚአብሔር ብለህ አይደለም" እያለች በተጣሉ ቁጥር ታነሣበታለች። እሱም "ሃይማኖቴን እንኳ የተውኩልሽ" ይላታል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የከፈለው ነገር በትዳሩ መካከል ዕዳ ሆኖ ቀረ።

አምናችሁ የምትሄዱ ከሆነ ግን በግልጽ ሂዱ። ታናሽ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ እያለ ፌሎሺፕ ገባ፤ ጴንጤ ሆነ። ለእረፍት ሲመጣ በሁለተኛው ቀን ቡና ተፈልቶ እያለ ለአባቴ በራሱ አፍ ነገረው። አባቴ ስኒውን አስቀመጠና "ቅሬው ሲጠይቀኝ ምን ልበላቸው?" አለ። ቅሬ የምንለው የሰፈሩን ዕድር ነው። ወንድሜ "እውነቱን በላቸው" አለው። ከዚያ ብዙ ቀን በቤታችን ዝምታ ሆነ። ግን ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር፤ ወንድሜ መጾም እንደማይጠበቅበት እየተናገረ፣ እናቴ ሁለት ወጥ እንዳትሠራ ብሎ ሽሮውን ከእኛ ጋር በላ። ያቺ ሽሮ ብዙ ነገር አስታረቀች። ዛሬ እሱ የሚመራው የጸሎት ቡድን አለው። እኔ ለእሱ እጸልያለሁ፣ እሱም ለእኔ።

የማይናገረውስ? ይህን አንድ ነገር በደንብ አንብቡት።

አንድ ጎልማሳ በእኔ ተራ ሌሊት ላይ አረፈ። ጠዋት የሰፈሩ ቅሬ መጣ። ወጣቶቹ ዶማና አካፋ ይዘው ግቢው ውስጥ ቆሙ። የቅሬው ሰብሳቢ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው፤ ወሎ አይደል። "ጉድጓዱን የት እናስቆፍር?" ብለው ጠየቁ። የሟች እናት "ካቶሊክ ነው ልጄ" አለች። ሚስቱ ደግሞ ከእሷ ጋር ወደ ሌላ ቤተክርስቲያን መሄድ ከጀመረ ቆይቷል አለች። ከሁለቱም ወገን ዘመድ ተንጫጫ። ሽማግሌው ሁሉንም ዝም አሰኙና ሚስቲቱን ለብቻ ጠርተው "ልጄ፣ ለማን ነግሮ ነበር?" አሏት። "ለእኔ ብቻ። ለእናቱ መንገር ፈርቶ" አለች። ለብቻ ቢሆንም እናቲቱ ሰማች። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። እኔ ውሃ ይዤላት ሄድኩ፤ አልጠጣችም። "ይሄን ያህል ይፈራኝ ነበር?" ብቻ አለችኝ። ስለ ቀብሩ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተከራከረችም። ሚስቱ ባለችው ቦታ ተቀበረ።

ልጆቼ፣ ይህ የብዙ ቤት ታሪክ ነው። የመቃብር ቦታ እዚህ አገር በሃይማኖት ነው የሚለየው። የተቀየረ ሰው ለቤተሰቡ ካልነገረ፣ ጥያቄው በአስከሬኑ ላይ ይነሣል። ስለዚህ ንገሩ። ፊት ለፊት ካቃታችሁ አባት ካህን ወይም አክስት ይዛችሁ ንገሩ። እናት ታለቅሳለች፤ ታልቅስ። የምታለቅስላችሁ በሕይወት እያላችሁ ይሁን።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ የምትወጡት ተጎድታችሁ ነው። የሃይማኖት ሰው የሆነ፣ የየትኛውም ቤተ እምነት ይሁን፣ በአካላችሁ ላይ ጥቃት ከፈጸመ "የእግዚአብሔርን ቤት ላለማሰደብ" ብላችሁ ዝም አትበሉ። እንደ ነርስ ነው የምነግራችሁ፦ መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ሳትታጠቡ፣ ቶሎ። ኤችአይቪ እንዳይዝ የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አይጠቅምም። ከዚያ ፖሊስ። በቤተክርስቲያን በኩልም ፖፕ ፍራንሲስ በ2011 ዓ.ም. ባወጡት ሕግ ካህናትና መነኮሳት እንዲህ ያለ ነገር ከሰሙ ለበላይ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። እንዲህ ተጎድቶ የወጣን ሰው ተመለስ ብዬ አልጎትትም። መጀመሪያ ይዳን።

እኔ ለምን እንደቆየሁ ትጠይቁኛላችሁ። አንዱን ልንገራችሁ። አንድ ሌሊት ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ነበር። አየሩን እየሳበ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ እየገባ፤ እንደማይቆይ ሁላችንም አውቀናል። እናቲቱ አንገቴ ላይ ያለውን መስቀል አይታ ካቶሊክ መሆኔን ጠየቀችኝ። እሷም ነበረች። "አባ እስኪመጡ አይደርስም፤ አጥምቂልኝ" አለች። በእኛ ሥርዓት ሞት ሲያጣድፍ፣ ካህን ከሌለ፣ ማንኛውም ክርስቲያን ማጥመቅ ይችላል። በመድኃኒት ብርጭቆ ውሃ ቀዳሁ። ግንባሩ የአውራ ጣቴን ያህል ነበር። ስሙን ጠየቅኳት፤ ነገረችኝ። በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠመቅኩት። ሊነጋ ሲል አረፈ። በሳምንቱ ካህኑ ስሙን ከጥምቀት መዝገቡ ላይ ጻፉት። ለጥቂት ሰዓት የኖረ ልጅ፣ ከሌላው ሁሉ ጋር እኩል መስመር ተሰጥቶት ተጻፈ። እኔ የምኖርበት እምነት ይህ ነው። ሌላ የተሻለ ማስረጃ የለኝም፤ ለእኔ ግን በቅቶኛል።

መቆየት ቀላል ነው አልላችሁም። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ አንዲት የወላይታ ልጅ አለች። አገሯ የለመደችው የላቲኑን ሥርዓት ነው። እዚህ የእኛ ቅዳሴ በግእዝ ሥርዓት ነው፤ ከበሮው፣ ጸናጽሉ፣ ዜማው። የመጀመሪያ ቀን "እትዬ፣ ተሳስቼ ኦርቶዶክስ ገባሁ መሰለኝ" አለችኝ። ገናንም ታኅሣሥ 29 ነው የምናከብረው። ብቸኝነቱ ይገባኛል። የዕረፍት ቀኗ እሑድ ላይ ሲውል የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥታ ደሴ ትመጣለች፤ ካልዋለ ፈረቃዋን ጨርሳ ማደሪያዋ መቁጠሪያዋን ትደግማለች። አብሽሪ እላታለሁ። ጥያቄ ሲበዛባት ለካህኑ ጽፋ ታመጣለች። እናንተም እንዲህ አድርጉ። የምትተዉትን ነገር ሳታውቁት አትተዉት። አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን፣ በጾሙም በበዓሉም ኑሩበት፤ ንስሐ ግቡ፣ ቁረቡ፣ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ልባችሁ ሌላ ቦታ ከሆነ እኔም አልከለክላችሁም።

አንድ የወረቀት ነገር ልጨምር። በእኛ ቤተክርስቲያን ጥምቀት የሚጻፈው በተጠመቃችሁበት ቦታ መዝገብ ላይ ነው። ጋብቻም ሲፈጸም እዚያው ስማችሁ አጠገብ ይጨመራል። ስለዚህ ካቶሊክ ብታገቡም፣ በፈቃድ ሌላ ብታገቡም የጥምቀት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋችኋል። ከሶዶ፣ ከሆሳዕና፣ ከዓዲግራት የመጣችሁ ቀኑ ሲደርስ አትሩጡ። የራሳችሁን የጥምቀት ስም፣ የወላጆቻችሁንና የክርስትና አባት ወይም እናታችሁን ስም፣ የተጠመቃችሁበትን ዓመት በወረቀት ጻፉና ለትውልድ ቦታችሁ ደብር አሁኑኑ ላኩ። ዓመቱን ካላወቃችሁ እናታችሁን ጠይቁ፤ ደውሉላት።